ድምፅ የሌለው ፓምፕ

ውድ ሴድሪክ፣

ሞሪስ መኪናህ ተነስታለች። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመች ነበረች። በመጋቢት ቁልፉን ባዞረው የነዳጅ ፓምፑ ጭጭ አለ። እንዳሳየኸኝ በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጌ መታሁት፤ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። በዚያች ድምፅ ብቻ ልቤ ዘለለ። ጠዋት ጠዋት ጠቅታው እየቀነሰ ሄዶ ሲቆም "ጠጥታ ጠገበች" እያልክ አልነበር ሞተር የምታስነሳው? ቤት ውስጥ ያለህ መሰለኝ።

ብሮንዌን በራሷ መኪና ላድሎ ከተማ ወሰደችኝ፣ ወዳጅህ ኤድዊን መለዋወጫ ሱቅ። ልጃችን ከቀብርህ ወዲህ ሞሪሷ ውስጥ ገብታ አታውቅም።

ኤድዊን ሁለት ፓምፖች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

"ይሄኛው እንደ ድሮው ጠቅ ጠቅ ይላል። ያኛው ድምፁ እምብዛም አይሰማም። የሁለቱም ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ኃይለኛ ካስገባሽባት ካርቡሬተሯ ቤንዚን ትተፋለች። እንደ ጥንቶቹ መኪኖች የባትሪው ፖዘቲቭ ነው አይደል ከቦዲው ጋር የታሰረው?"

"እንደ ድሮው ነው። ሴድሪክ መቼ ሰው አስነካት!"

"ያ ግትር!" አለና ሳቅን።

እጄን ጠቅ የሚለው ላይ ጣልኩ። ኤድዊን ሊያሰማኝ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ነዳጅ ስለሌለው ደረቁን ሳያቋርጥ መታ። ዞር ስል ብሮንዌን የለችም።

ውጭ ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት።

"ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?"

"ያን ቀን አንቺ ገበያ ነበርሽ፣ እማዬ። ግቢ ስገባ ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ጠፍቷል። አባዬ መሪው ላይ ተደፍቷል። ያ ነገር ግን ይመታል፣ ልክ አሁን እንደሰማሽው። የሱ ልብ መሰለኝ።" እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ የገደልኩት መሰለኝ።"

ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ይዛው ኖራለች። እቅፍ አድርጌያት ብዙ ቆየን። ከዚያ ተመልሼ ገባሁና ዝምተኛውን ገዛሁ። አትቀየመኝ፤ አንተም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።

ኤድዊን የገጠመው እሁድ ነው። ሞተሩ እንደተነሳ ብሮንዌን በሩን ከፈተች።

"ተነሺ እማዬ፣ እኔ ልንዳ።"

"ቀስ ብለሽ ታዲያ!"

"አባዬን እኮ በሬ ይቀድመው ነበር! አታስቢ።"

ሳቋን ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ማታውን መኪናዋን ሰጠኋት፣ ይዛት ሄደች።

ጋራዡ አሁን ባዶ ነው። ግን ሴድሪክ፣ አንዳንድ ጠዋት ሻይ ስቀዳ ከዚያ በኩል ጠቅ ጠቅ ሲል እሰማለሁ። ቀስ እያለ፣ እየቀነሰ፣ ከዚያ ዝም። ለሷ አልነገርኳትም፤ እሷ ዘንድ አትሂድ። እኔ ጋ ግን በፈለግክ ጊዜ ና። አልፈራህም።

ያንተዋ ኦድሪ