ያልተቀመጥነው ለቅሶ

ሰኞ

አልሰርዘውም! የእንድሪስ እህት ነሽ ብለው ከመምህራን ማሠልጠኛ አባረሩኝ፤ ዛሬ ደግሞ «ተምረሻል፣ ለቀበሌው ኪነት ቴአትር ጻፊ» ይሉኛል። ጻፍኩ። ልጁ ግንባር ላይ የሞተበት አባት ታሪክ ነው። ካድሬው አነበበና፣ «ይህ ሰውዬ ለምን ያለቅሳል? የጀግና አባት ይፎክራል እንጂ!» አለኝ።

«መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ጓድ፤ ከዚያ ይፎክራል።»

ፉከራ ጨመርኩለት። ለቅሶውን ግን አልነካሁትም።

ማክሰኞ

አባባ ዛሬም የውጭውን በር ሳይቀረቅር ተኛ። ወንድሜን «ፀረ አብዮት» ብለው ኮምቦልቻ ላይ ከገደሉት ወዲህ እንዲህ ነው። አስከሬኑን አልሰጡንም። ማልቀስ ተከለከልን። ጎረቤት በደጃችን ሲያልፍ አንገቱን ይደፋ ነበር። ስለ እንድሪስ የጠየቀውን ሁሉ አባባ፣ «መንገድ ሄዷል፤ ይመጣል» ይላል። እናታችን የለችም፤ እውነቱን መናገር የእኔ ፋንታ ነው። ካድሬ የማይፈራ አፌ አባቴ ፊት ይተሳሰራል።

ሐሙስ

ልምምድ። አባትየውን የሚጫወተው ጎረቤታችን ሰይድ፣ ልብስ ሰፊው ነው። «ዘይነባ፣ ለቅሶውን እችልልሻለሁ፤ ለፉከራው ሌላ ሰው ፈልጊ» አለኝ። ሳቅን። መድረኩ ላይ አንድ ሰሌን አነጠፍን፤ ሌላ ዕቃ የለንም። ቅዳሜ ቴአትሩ ሲታይ መቅረት ክልክል ነው፤ አባባም ይመጣል። ፈራሁ።

ቅዳሜ



ሰይድ ሰሌኑ ላይ ሆኖ «ልጄን!» ሲል አባባ ከመቀመጫው ተነሣ። ልይዘው ሮጥኩ፣ አልደረስኩበትም። መድረኩ ላይ ወጣ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከሰይድ ጎን ተቀመጠ። ለቅሶ አይቶ ማን ሳይቀመጥ ያልፋል? ሰይድ ቴአትሩን ረሳው። ጋቢውን አውልቆ አለበሰውና፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥዎ፣ ጋሽ ይማም» አለው።

ከዚያ የሰፈራችን የሆጤ ሰው ሁሉ ተነሣ። እየወጡ ተቀመጡ። «ጀነት ይወፍቀው።» «እግዜር ያጥናዎ።» ጎረቤታችን እትዬ አስካለ የአባባን እጅ ይዘው፣ «ያኔ ደጅዎን አልፌ ሄድኩ፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

«ልጄ ሞተ» አለ አባባ። «እንድሪስ ሞተብኝ፣ አስካለ።»

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ካድሬው የፊት ወንበር ላይ ሆኖ ያጨበጭባል።

ፉከራውን ማንም አላስታወሰውም።

ሰኞ

ካድሬው ወደ ቀበሌ ጠራኝ። ሁለት ቀሚስ ደርቤ ሄድኩ፤ እስር ቤት ይበርዳል።

«ሕዝቡን መድረክ ላይ ማውጣት ያንቺ ዘዴ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ግሩም ነው! ኮምቦልቻም ይታይ።»

ለአባባ ስነግረው ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «የኮምቦልቻ ዘመዶቻችንም ለቅሶ አልደረሱንም ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ያ ሰሌን ይቆረቁራል። የቤታችንን ምንጣፍ ውሰጂ።»

ምንጣፉን ሳራግፍ የውጭውን በር ሲቀረቅር ሰማሁት።

ኮምቦልቻ ላይ ፉከራው የታል ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ።