ገጽ ሰማንያ ስምንት

ዮርክሸር፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1897

ይድረስ ለምሳሳልሽ እትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ሳልሽ ቀለል አለልሽ? ደረትሽን የሚወጋሽስ ተወሽ? እኔና አባባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአባባ ዓይን ግን አሁን ጭራሽ ከመስኮቱ ብርሃን ሌላ አይለይም። ለነገሩ ስለ ጤናሽ የምጠይቅበት ፊት የለኝም። እዚያ የለንደን ብርዳም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስድስት ሳምንት ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ።

እትዬ፣ ስትፈልጊው የከረምሽው መጽሐፍ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን እንደፈለግሽ ስደቢኝ።

አባባ ማስተማሩን ከተዉ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሚዘጋጀው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት «ሲሊ» የምትባለዋን አንዲት ቃል ሲለቅሙ እንደኖሩ ታውቂያለሽ። ድሮ «የተባረከ» ማለት ነበረች፤ ከዚያ «የዋህ»፣ ከዚያ «ምስኪን»፣ ከዚያ «ደካማ» ሆና ዛሬ «ቂል» ላይ ወደቀች። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ የጥንቱ ትርጉም ከሞተ ቆይቷል ይላሉ። አባባ ደግሞ «አልሞተም! እዚሁ ቤቴ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!» ብለው ሙግት። ግን የአዘጋጁን ደንብ አታጪውም፤ በአፍ የተነገረ አይቆጠርም። የመጽሐፉ ስም፣ ዓመቱና ገጹ በቁራጭ ወረቀት ካልተጻፈ የጣሉት ያህል ነው።

አምና በብርዱ ወራት የታመሙ ጊዜ፣ «አንዲት ምስክር እንኳ ሳላገኝ ልሞት ነው» እያሉ ሲያለቅሱ አላስቻለኝም። ቁራጭ ወረቀት አነሳሁ። የሌለ ሰባኪ ፈጠርኩ፣ ዓመቱን 1712 አልኩ፣ ከሥሩ «ሲሊው ልጄ፣ መላእክት ከደጁ የማይጠፉ» ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው። አባባ አልጋው ላይ ቁጭ ብለው አጨበጨቡ። «እስቲ አሁን ያ ሊቅ ምን ይላል!» አሉ። እኔ ሞኟ ግን ገጹን መጻፍ ረስቻለሁ። ወረቀቱ ተላከ፤ ከወራት በኋላ አዘጋጁ ገጹን ጠየቁ፤ አባባም መጽሐፉን እንድትፈልጊ ላንቺ አስጻፉኝ። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።

ቃሉ የማን እንደሆነ ላንቺ መንገር አያስፈልገኝም። ወንድማችንን ጄበዝን እማዬ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ «ሲሊው ልጄ» ትለው እንደነበር አንቺም ሰምተሻል። ያልሰማሽው ሌላ ነው። እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከልጆቹ ጋር ቆሜ ያችኑ ቃል በዛሬው ትርጉሟ እጮህበት ነበር። እሱ እንደሆነ አንድ ቃል መናገር አይችል፤ እማዬ የጠራችው መስሎት ዞሮ ይስቅልኝ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ እስኪሞትብን ድረስ ይስቅልኝ ነበር፣ እትዬ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ደብዳቤሽ ደረሰ። «አገኘሁት! ገጽ ሰማንያ ስምንት፣ ቃል በቃል!» ይላል። ለአባባ አነበብኩላቸው። የአጃ ቂጣቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩ።

«ለአዘጋጁ ጻፊ» አሉኝ። «ወረቀቱን ይመልሱልኝ፤ ለእርማት ከታተመው ገጽ ይሰረዝ በይ።»

«እንዴ አባባ! እትዬ አገኘችው እኮ!»

«እህትሽ ታማለች። ከዚያ ብርድ ትውጣልኝ። ፍለጋው ይብቃት።»

አሥራ አንድ ዓመት የደከሙበትን እንዲያ በአንድ ቃል አሰረዙት። እኔም በገዛ እጄ ጻፍኩላቸው።

ወረቀቱ ትናንት ተመልሶ መጣ። አባባ በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ የቤታችንን መጽሐፍ ቅዱስ አስመጡኝና፣ እማዬ የጄበዝን ልደት የጻፈችበት ገጽ መካከል እንዳስቀምጠው አዘዙኝ። ልናገር አፌን ስከፍት፣ «ሻይሽ ይቀዘቅዛል፣ ልጄ» አሉኝ።

ለእሳቸው መናገር ስላልቻልኩ ላንቺ ጻፍኩ። ይቅር በይኝ። የጄበዝንም ይቅርታ አንቺው ስጪኝ፤ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።

ከሌለ መጽሐፍ ስላገኘሽው ገጽ ሰማንያ ስምንት እኔም እንደ አባባ አልጠይቅሽም።

ደረትሽን ሸፍነሽ ባቡር ተሳፈሪ፤ አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ። አምላክ ጤናሽን መልሶ፣ ሳልሽን ከመንገድ አስቀርቶ ለዓይናችን ያብቃሽ።

በደለኛዋ ታናሽ እህትሽ