የአንገቷ ቁልፍ

ለማልጠግብሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ክፉ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ባለቤትሽስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔን ከጠየቅሽኝ ቆሜ እሄዳለሁ፤ የስፌት ማሽኔም እኔም እየተንቋቋን ቢሆንም እንሠራለን። ይህን ሁሉ በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩ በጠራ ቁጥር ድንቡሼ ከጉያዬ አትጠፋም። አንቺም ድምፄን ስትሰሚ ማልቀስሽ አይቀርም።

ድንቡሼ ልጄ ይኸው መዋዕለ ሕፃናት ገባች። መምህሯ ቀደም ብላ ወላጆችን ጠርታ፣ ልጆቹ እጃቸውን መታጠብ፣ ጫማቸውን ማድረግ፣ ልብሳቸውን ራሳቸው መቆለፍ ይልመዱ ብላን ነበር። እኔ ልብስ ሰፊው ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? የዩኒፎርሟን ቁልፍ በሙሉ ከጀርባ አድርጌ ሰፋሁት! እናቷ ሁሌ እንደዚያ ነበር የምታሰፋኝ፤ ከፊት ከሆነ እየፈታች ትጥለዋለች ትል ነበር። እጄ ለምዶ ኖሯል። መምህሯ አገላብጣ አየችውና፣ ታዲያ ይህን ማን ሊቆልፍላት ነው አለችኝ። አፈርኩ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፈትቼ ወደ ፊት መለስኩት፤ ለትንሽ ጣት እንዲመች ትልልቅ ቁልፍ መረጥኩ፣ ቀዳዳውንም ሰፋ አደረግሁት።

እጅ መታጠቡን ቶሎ ለመደች። ጫማውንም፣ ግራውን ከቀኝ ብታምታታም፣ ታደርገዋለች። ቁልፉ ላይ ግን ድርቅ አለችብኝ። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ በከረሜላ ብደልላት፣ ወይ ፍንክች! እጇን ወደኋላ አጣምራ ትቆማለች። አንድ ቀን ደንበኞች ልብስ ከሚሞክሩበት መጋረጃ ጀርባ ገብታ ድምጿ ጠፋብኝ። ገልጬ ባይ፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ ከላይ እስከ ታች ጥርቅም አድርጋ ቆልፋዋለች። ስታየኝ ደንግጣ መፍታት ጀመረች። አንቺ ጉደኛ፣ እየቻልሽ ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ እኔ ከቆለፍኩት እማዬ ለምን ትመጣለች አለችኝ።

ልቤ ስንጥቅ አለ። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ ትምህርት ቤት የምትገቢ ቀን መጥቼ ልብስሽን የምቆልፍልሽ እኔ ነኝ ብላት ነበር። ከቀበርናት በኋላ እኔ አክስትሽ ጋ ሄዳለች አልኳት፤ አንቺም በስልክ እማዬን አገናኚኝ ባለችሽ ቁጥር ተኝታለች እያልሽ አገዝሽኝ። እንዳይከፋት ብለን እኮ ነው፣ እታለም። ለካ እሷ ያንን ቀን ነበር የምትጠብቀው።

መምህሯን ባማክራት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ከሰው አፍ ከምትሰማው ካንተ ትስማው አለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስከ መቼ እደብቃለሁ? ማሽኑን አቁሜ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። እናትሽ ሞታለች፣ አክስትሽ ጋ የለችም፣ አትመጣም አልኳት። አላለቀሰችም። ታዲያ አክስቴ ጋ የምትተኛው ማን ናት አለችኝ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ በእጅጌዋ እንባዬን የጠረገችልኝ እሷ።

ዛሬ ጠዋት ወሰድኳት። ራሷ ለበሰች፤ ከታች ጀምራ እየቆለፈች ወጣችና የአንገቷን ተወችው። እጇን ይዤ ወጣን። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ቆመች፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ይቺን ለእማዬ ትቻት ነበር፣ አንተ ቆልፍልኝ አለችኝ። ዕድሜ ልኬን ቁልፍ የሰፋሁበት እጄ አንዷን ቁልፍ ማስገባት አቃተው። እሷ ግን አልተቻኮለችም፤ እስክጨርስ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቀችኝ።

አደራሽን፣ ከእንግዲህ ስትደውዪ ተኝታለች እንዳትያት። ይልቅ እናቷ እንዴት እየጮኸች ትስቅ እንደነበር አጫውቻት፤ እኔ ስጀምረው ልጨርሰው አልቻልኩም።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ብርድ ላይ አይቀመጥ። ታላቁ ልጅሽ የሱሪውን ቁመት ተለክቶ ይላክልኝ፤ ይሄ ሸንበቆ መቼም እድገት አላቆመም። ትንሿን ዓይኗን ሳሚልኝ። ድንቡሼም ሰላም ብላሻለች። ድሮ ሰላምታ ስትልክ እማዬን ሳሚልኝ በላት ነበር የምትለኝ። ዛሬ ግን፣ አክስቴን ሳምልኝ ብቻ አለችኝ።

ወንድምሽ፣
ከስፌት ቤቱ፣ መስከረም 11 ቀን