የጂቪ ሲኒ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለቭራጅላል፤

እንዴት ነህ የኔ ዓለም? የሙስካት ሙቀት ለቀቅ አደረገህ ወይ? ያ የወገብህ ነገርስ ተሻለህ? ኒርማላ ሚስትህስ፣ ልጆቹስ ሰላም ናቸው? እኔ ሕመም የለብኝም፤ ቤታችን ግን ከእሑድ ጀምሮ እንደተገለበጠ ነው። የገለበጡት አንተ "ጨዋ ሰዎች ናቸው" ብለህ የላክሃቸው እንግዶች ናቸው። የሠርጉን መልስ ስለምትጠብቅ ሁሉንም ልንገርህ።

ልጄን ኡርቪን ሊያዩ ፓሬሽ ከነአባትና እናቱ መጣ። እናትየዋ እሜቴ ካንታ "የምራት ሙያ የሚታየው በሻይ ነው" ብላ ወጥ ቤት ድረስ ተከተለችን። ኡርቪ ዝንጅብሉን ወቅጣ፣ ሄልና ናናውን ጨምራ፣ የጎሽ ወተቱን ሦስቴ እስኪነሳ አፍልታ ቀዳች፤ እጇ ይባረክ! ከዚያ ከእንግዳ ሲኒዎቹ አንዱን አንስታ ለጂቪ ሰጠቻት። ጂቪን ታውቃታለህ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሽንት ቤታችንን ስታጸዳ የኖረች፣ ዘሯ የነካውን ስለማንነካ ጆሮ የሌለው ሲኒዋ የኋላ መስኮት ላይ ለብቻው የሚቀመጥ።

ካንታ አፍንጫዋን ያዘች። "ውይ! ለጠራጊ በኛ ሲኒ? እናንተ ቤት ሲኒ አይለይም እንዴ?" ብላ የራሷን ሻይ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ባሏ ደግሞ ሳሎን ሆኖ ሻዩን ሳህን ላይ ገልብጦ፣ ጎረቤት እስኪሰማ እየማገ፣ ስልባቦቱን በጣቱ ጠራርጎ ልሶ፣ ጣቱን በትራሴ ላይ ጠርጓል። ኤዲያ! ንጹሕ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

ከሁሉ የቀፈፈኝ ግን እኔው ነኝ። "ልጅ ናት፣ ተሳስታ ነው" ብዬ ሲኒውን ከጂቪ እጅ ነጠቅኩት። ገና አልቀመሰችውም ነበር። ትኩሱ ሻይ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ በልብሷ ጫፍ ጠረገችው። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በኋላ በር ወጣች።

ኡርቪ "አልተሳሳትኩም" አለችና እንግዶቹን በር ከፍታ ሸኘቻቸው። ማክሰኞ በአማላጅ ላኩብን፦ ጂቪን አሰናብቱ፣ ልጅቷ ይቅርታ ትበል፣ ሠርጉ ይቀጥላል። ፓሬሽስ ምን አለ ብል "እናቴ ያለችው ነው" አለ አሉ። አይ አልጫ! መልሳችን እንቢ ነው። ከነሱ ጋር ለመነጋገር ከከበደህ በኔ አሳብብ።

ጂቪ ከዚያን ቀን ወዲህ አልመጣችም። ዛሬ ይቅርታ ልጠይቃት ከሐዲዱ ማዶ ቤቷ ሄድኩ። ሰሌን አነጠፈችልኝ፤ ወተት ከጎረቤት ተበድራ፣ ዝንጅብል ደቅድቃ ሻይ አፈላችልኝና ዘረጋችልኝ። እጄን ሰደድኩ፤ አጋማሽ ላይ ቆመ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ራሱ ነው የቆመው። ጂቪ አየችው። ሳትቆጣ፣ ቀስ ብላ ሲኒውን ወደ ራሷ መለሰችና "ይተዉት እትዬ፣ ቤትዎ ሲገቡ ይጠጣሉ" አለችኝ።

ኒርማላን ሳምልኝ። ሐርሽ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው፤ ትንሿን ማንሲን ጉንጯን ንከስልኝ። ኡርቪ ትስምሃለች። ይህንንም የጻፍኩልህ በዚያው እጄ ነው።

እህትህ ላብሁ
ዋንካኔር፣ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1996