ከጭሱ በፊት ያነሳኋት ተርብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን 1988

ተርቦቹ ዘጠኝ ሆነዋል። ትናንት ስምንት ነበሩ። ዘጠነኛዋ ከጉድጓዷ ስትወጣ አየኋት። መጀመሪያ ጭንቅላቷ፣ ከዚያ ሁለት እግሯ፣ ከዚያ ረጅም እረፍት። ክንፏ እርጥብ ነበር።

አክስቴ ግን ዛሬ ተነደፈች። ልብስ ስታሰጣ አንገቷ ላይ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ቀባሁላት። ቀና ስትል ጎጇቸውን አየች። ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን ሥር ናት፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ከፍ ብላ። የእጄን መዳፍ ታህላለች፣ ግራጫ ናት። ሁለት ወር ሙሉ ከእኔ በቀር ያያት አልነበረም።

"ይኼ ሁሉ ተርብ ራሴ ላይ ሲከርም ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንጃ።"

"እንጃ ትላለች። ረቡዕ ኅዳር ሲታጠን ከጥራጊው ጋር አነዳታለሁ።"

ኅዳር አሥራ ሁለት ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። በሽታ ያባርራል ይባላል። ስለዚህ ያለኝ ስድስት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የአንዷን ፊት ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ። ከሩቅ ቡናማ ነጥብ ሆና አይደለም። ሰው ጉርድ ፎቶ ሲነሳ እንደሚታየው፣ ፊት ለፊት።

ለምን እንደሆነ ብጠየቅ እንጃ ነው የምለው። ጎጇ ከተቃጠለች ግን እዚህ ግቢ ውስጥ የማየው ነገር አይኖረኝም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ዛሬ ጋሽ መኮንንን ጠየቅኳቸው። ለመጠየቅ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ሰዓት ፈጀብኝ።

የምሠራው እሳቸው ፎቶ ቤት ነው፣ ነፋስ ስልክ አስፋልቱ ዳር። ፎቶ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ጉርዶቹን በመቀስ እቆርጣለሁ። ከደብረ ሲና አክስቴ ጋ የመጣሁት ልማር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ላይ አስተማሪው ባስነሳኝ ቁጥር ድምፄ አልወጣ አለኝ። ልጆቹ ይስቃሉ። አንድ ሰኞ ቀረሁ፣ ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ፎቶ የማጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ድምፅ አያስፈልግም። ደንበኞቹ እኔን አያውቁኝም፣ እኔ ግን ፊታቸውን አውቃለሁ። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ልላቸው ይዳዳኝና እተዋለሁ።

ጋሽ መኮንን ኔጌቲቭ ሲመረምሩ ከካሜራ የተፈታ ሌንስ ገልብጠው ዓይናቸው ላይ ይደግናሉ። ሌንስ ሲገለበጥ ሩቁን ትቶ ቅርቡን ያጎላል። አንድ ቀን በዚያ ሌንስ የሞተች ዝንብ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የያዘኝ።

"ጋሼ፣ ያቺን አሮጌዋን የሩሲያ ካሜራ…"

"ምን ሆነች?"

"ሌንሷን ገልብጬ ተርብ ላነሳባት ነበር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ተርብ ደግሞ ጉርድ ምን ያደርግለታል? የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ነው?"

ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ካሜራዋን ከመደርደሪያው አወረዱልኝ። ፊልም የሚገዙት በትልቅ ጥቅል ነው፣ በጨለማ እየቆረጡ ይጠቀሙበታል። የጥቅሉ መጨረሻ አጭር ስለሚሆን ይጣላል። ያንን ሞሉልኝ። አራት ጊዜ ያነሳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ሌንሱን ገልብጬ በግራ እጄ ካሜራው አፍ ላይ ያዝኩት። ብርሃን እንዳይገባ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ጠቀለልኩ። በርጩማ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ የሚታየኝ ጉም ብቻ ነበር። ስጠጋ፣ ስጠጋ፣ ድንገት አንድ እግር ከጉሙ ወጣ። እንደ ገብስ ዛላ ፀጉር አለው።

ዛሬ የተማርኩት፦

ለማጥራት ብሎ የሌንሱን ቀለበት ማዞር ዋጋ የለውም። መቅረብና መራቅ ያለብኝ እኔ ነኝ።

አጥርቶ የሚያሳየው የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ነው። ዓይኗ ሲጠራ ክንፏ ይጠፋል።

መተንፈስ አይቻልም።

ቆርቆሮው ሥር ጨለማ ነው።

ተርብ ስትቆጣ መጀመሪያ ክንፏን ታነሳለች። ያኔ ቀስ ብሎ መውረድ ነው።

አራቱንም አነሳሁ፣ ከሰዓት አጠብኳቸው። ጋሽ መኮንን በብርሃን አዩአቸው። "ደመና ነው ያነሳሽው" አሉ። አላሾፉም። ሌላ ቁራጭ ፊልም ሞሉልኝ። ደንበኛ ፀጉሩን የሚያበጥርበትን መስታወትም እንድወስድ ፈቀዱልኝ። ፀሐይዋን በመስታወት መልሼ ቆርቆሮው ሥር ልልካት አስቤአለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ደመና ዋለ። ፀሐይ የለም፣ ፎቶም የለም።

አክስቴ እድር ሄዳ ዋለች። ባሏ ሾፌር ነው፣ አሰብ ከሄደ ሁለት ሳምንቱ። ከጠዋት እስከ ማታ የተናገርኳቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፦ እሺ። አዎ። በሩን ዘግቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሰማሁ። አንዷ ተርብ አጥሩ ላይ አርፋ አሮጌውን ጣውላ በጥርሷ ስትፍቅ ድምፅ አላት። ጆሮን አስጠግቶ ቆሞ መስማት ይፈልጋል። ፍቃ ፍቃ በአፏ አላቁጣ ወደ ጎጆዋ ወሰደችው። ቤታቸው ከታኘከ እንጨት ነው የተሠራው ለካ፣ ሲደርቅ ወረቀት ነው። አጥሩ ላይ የፋቀችበት ቦታ ቀጭን ነጭ መስመር ቀርቷል። ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት መስመር አለ።

ይኼን ለማን እነግራለሁ? ደብዳቤ ለእናቴ ጀመርኩና "ተርቦች" ከሚለው ቃል በኋላ ተውኩት። እሷ የምትጠብቀው ስለ ትምህርቴ እንድጽፍላት ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ፎቶዋ ወጣች! ይኼን መጀመሪያ ልጻፈው።

ሌሊቱን ብርድ ስለነበር ጠዋት ተርቦቹ ደርቀው ነበር። ካልሞቃቸው አይንቀሳቀሱም። መስታወቱን የጥራጊው በርሜል ላይ አቁሜ በድንጋይ ደገፍኩት። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ሥር ገባች። ጎጇ በራች። ግን ብርሃኑ አይቆይም፣ እስከ አርባ ስቆጥር ከጎጇ ላይ ይንሸራተታል። ወርጄ መስታወቱን አስተካክላለሁ፣ እወጣለሁ፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ብርሃኑ ሄዷል። ስድስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። አምስት አነሳሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ አጠብኩት። አራቱ ጉም ናቸው። አንዷ ግን ጥርት ያለች። በተገለበጠው ሌንስ ኔጌቲቩን አየሁት። ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ በፊቷ ግራና ቀኝ ናቸው። እንደዚያ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከእነሱ በላይ ግን፣ ግንባሯ መሀል፣ ሦስት ትንንሽ ዓይኖች አሉ፣ እንደ ጉልቻ ሆነው የተቀመጡ። እያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ የፀሐይ ነጥብ አለ። አምስት ዓይን። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ምናልባትም ማንም አላያቸውም ይሆናል፣ ቢያንስ ነፋስ ስልክ ውስጥ።

ጋሽ መኮንን ከሌንሱ ላይ ቀና ሳይሉ ቆዩ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን እኔም አንስቼ አላውቅም" አሉ። "ተዪው እዚህ። ነገ በትልቁ አትምልሻለሁ።"

እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። አክስቴ ራሷን አሟት ተኝታለች።

"ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?"

"ምንም።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ።

ስገባ ጋሽ መኮንን እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው ጠበቁኝ። በደብተር ገጽ ልክ አትመው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ጠርዙን በነጭ ከፍፈውታል። ተርቧ ነበረች። ግንባሯ ግን ልሙጥ ነው።

"አቧራ ነበረባት" አሉ ደስ ብሏቸው። "ሦስት ነጥብ፣ መሀል ግንባሯ ላይ። በምላጭ ጫፍ ፍቄ አነሳሁላት። ፀጉሯንም እዚህ ጋ ትንሽ አስተካከልኩት።"

ለሁሉም ደንበኛ የሚያደርጉት ነው። ብጉር ይፍቃሉ፣ ጠባሳ ያለሰልሳሉ። ሰው ለዚህ ብሎ ነው ከሳሪስ ድረስ እሳቸው ጋ የሚመጣው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይደክሙበት አይቀሩም።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ጨለማው ክፍል ገባሁ። ሳህኑ ውስጥ የተነከሩ ጉርዶች ነበሩ፣ አገላበጥኳቸው። ኔጌቲቭ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ካርቶኑን ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ባየሁት ቁጥር አንድ የማላውቃት ተርብ ናት። ይኼን አስቤ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ አቧራ አይደለም። ዓይኗ ነው።"

"ምኗ?"

"ሦስቱም ዓይኗ ነው። አምስት ነው ያላት።"

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ፎቶ ለመነሳት የሚጠብቁ አንዲት ሴት ዞር ብለው አዩኝ። ጋሽ መኮንን ኔጌቲቩን አነሱ፣ ሌንሱን ገልብጠው ደገኑ። የፋቁትን ፈለጉት።

"እኔ የማውቀው የሰው ፊት ነው" አሉ በመጨረሻ። "ሰው ግንባር ላይ ነጥብ ካለ ወይ ብጉር ነው ወይ አቧራ ነው።" ምላጩን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። "ማርያም የሳመቻቸውንስ ስንቱን ፍቄ ይሆን?"

ወዲያው ጨለማው ክፍል ገቡና ከአዲስ ጥቅል ቆርጠው አመጡልኝ። ጫፍ አይደለም፣ ከመሀሉ ነው። አሥር ያነሳል።

"ነገ ሚካኤል ነው፣ ደንበኛ ስለሚበዛ ነው እንጂ እኔው እመጣልሽ ነበር። መስታወቱን ሰው ይያዝልሽ። ከድንጋይ ሰው ይሻላል።"

ማን ይያዝልኝ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አክስቴ ሳይነጋ ሚካኤል ሄደች። በርሜሉን ትናንት ጥራጊ ሞልታ በር ላይ አውጥታዋለች፣ ከባድ ነው፣ አልነቃነቅ አለኝ። መስታወቱን መሬት ላይ ባቆመው የፀሐይዋ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይቀራል። በርጩማ ላይ ባስቀምጠው እኔ የምቆምበት የለኝም። በእጄ ልያዘው ብል ሁለቱም እጆቼ ካሜራው ላይ ናቸው። ከጎረቤት ጭስ መነሳት ጀምሯል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ረጅሙን እንጨት አነሳች፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ አሰረች፣ ላምባ ፈለገች። እኔ ጎጇ ሥር ቆሜአለሁ።

"ዞር በይ።"

"እትዬ፣ ትንሽ ቆዪልኝ።"

"ምን አልሽ?"

"መስታወቱን ያዢልኝ። ተርቧን ላነሳት ነው።"

እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ነገር አድርጊልኝ ብያት አላውቅም። እሷም የገባት ይመስለኛል። ነጠላዋን እያስተካከለች አየችኝ።

"አንገቴ ገና አልሻረልኝም እኮ፣ ትርሲት።"

"ብርድ ላይ ናቸው። ሳይሞቃቸው አይነሱም።"

"እነሱ ነገሩሽ?" አለች። ግን እንጨቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ነጠላዋን ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ሲቀር መስታወቱን ተቀበለችኝ።

"ከፍ አድርጊው። ወደ ግራ። እዚያው።"

"ታዘዝኩ እንግዲህ በሚካኤል።"

ብርሃኑ አልተንሸራተተም። እሷ እጇን ትንሽ ትንሽ እያዞረች ከፀሐይዋ ጋር ተከተለችው፣ ሳልነግራት። አንዷ ተርብ ከጉድጓድ ውስጥ ጭንቅላቷን አወጣችና ወደ እኔ ዞረች። አነሳሁ። እንደገና አነሳሁ። ጭሱ በመሀላችን እያለፈ ነበር። አሥሩ አለቀ።

"ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዘሽ? እስቲ ውረጂ።" በርጩማው ላይ ወጣች። ካሜራውን ያዝኩላት፣ ቅረቢ፣ ራቂ እያልኩ። ዓይኗን ከካሜራው ሳታነሳ ጠየቀችኝ።

"ልጆች አሏት?"

"ጉድጓዶቹ ውስጥ ያሉት ነጫጮቹ ናቸው። ታጎርሳቸዋለች።"

ወረደች። ትተዋታለች ብዬ አሰብኩ። ጨርቁን ላምባ ውስጥ ነከረችው።

"ልጅ ቢኖራትም አንገቴ አንድ ነው" አለች። በክፋት አልተናገረችም።

ወረቀት ስለሆነች ቶሎ ነደደች። እስከ አምስት አልቆጠርኩም። ጥቂቶቹ በረሩ።

ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ ጭስ ነበር። የሰው ሁሉ ዓይን ያነባ ስለነበር እኔን ምን ሆንሽ ያለኝ የለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ከአሥሩ ሦስቱ ጭስ ናቸው። አንዱ እግር ብቻ። አራቱ ተንቀሳቅሰውብኛል። አንዱ ላይ ምን እንዳለ እስካሁን አላወቅኩም።

ሰባተኛው እሷ ናት። አምስቱም ዓይኗ አለ። ሦስቱም ነጥቦች።

ጋሽ መኮንን በሌንሱ አይተው መለሱልኝ። "አንቺው አትሚው፣ እኔ እጄን አላምነውም" አሉ። የፎቶ ማጉያው ማሽን ላይ ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሦስተኛው ሆነ።

ቤት ስገባ ከቆርቆሮው ሥር፣ የጠቆረው ቦታ ላይ፣ አራት ተርቦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ትናንት ያመለጡት ናቸው። የሚሄዱበት ያጡ ይመስላሉ። ሌላ ቦታ ይሠሩ ይሆናል፣ ወይም ብርዱ ይጨርሳቸዋል። አላውቅም።

ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሽሮ ጣድኩ። አክስቴ ገብታ አየችው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው፣ ወደ መስኮቱ ወሰደችው።

"ትናንት ያየኋት ናት?"

"እሷ ናት።"

"ፊት አላት እኮ።" አራቀችው፣ አቀረበችው። "እነዚህ ግንባሯ ላይ ያሉት ሦስቱ ምንድን ናቸው?"

ዓይኖቿ ናቸው አልኳት። እንዴት ለሰው ሁለት ሆኖ ለእሷ አምስት ይሆናል አለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መጀመሪያ በርጩማው ላይ ስወጣ እንደዚህ፣ ከዚያ እንደዚህ እያልኩ ነገርኳት። የወረቀቱን ነገር፣ የአጥሩን መስመር፣ የጋሽ መኮንንን ምላጭ። ስለ ምላጩ ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ለሽማግሌው አዘነች። አጥሩ ጋ ሄደን መስመሮቹን አሳየኋት። በጣቷ ነካቻቸው።

ስንመለስ ሽሮው አርሯል። ድስቱን አወረደችና ውሃ ጨመረችበት። ማን እንዳሳረረው አልጠየቀችም።