ጉበቴና የመንጋጋዬ መርፌ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከምሽቱ 12 ሰዓት።
መንጋጋዬ አብጧል። ፈረሴን ቡላን ከጋሪው ፈትቼ፣ ገብሱን ሰጥቼ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ጎባ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ። ጸሐፊዋ ቅጹን ላንብብልዎ አለች። ለእኔ! የማታ ትምህርት ለጨረሰ ጋሪ ነጂ! ነጠቅኳት። ወረፋው ሁሉ እያየኝ ባንድ ትንፋሽ ሞላሁት። ስኳር? የለም። ደም ብዛት? የለም። ጉበት? የለም። «የለም»ን የሚያህል አሳምሬ የምጽፈው ቃል የለኝማ። ጥርሴ ሐሙስ ይነቀላል። ዶ/ሯን ማደንዘዣውን ድርብ አድርጊው፣ ሰውነቴን እይው አልኳት። ሳቀች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።
መ/ር ገመቹን ሄጄ ጠየቅኩት። ቀን ባዮሎጂ ያስተምራል፣ ማታ እኛን ፊደል ያስቆጥረን ነበር። ያ ድንዛዜ በኋላ የት ይገባል? ጠመኔ አንስቶ ሰው ሳለ። (ቀጭን ነው፤ እኔን አይመስልም።) መድኃኒቱ ሊዶኬይን ይባላል። ድድን አደንዝዞ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ደም ጉበት ያደርሰዋል። ጉበት ይሰባብረዋል። ስብርባሪውን ኩላሊት በሽንት ያወጣዋል። ብዙው በሰዓታት ውስጥ አለቀ! ያለ አለቃ፣ ያለ ጅራፍ! ቡላ እንኳ ገብስ ካላየ ንቅንቅ አይልም። ጉበት ማለት ይኼ ነው! እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን ሳቄን ቀማኝ። የታመመ ጉበት ቶሎ አይሰባብረውም። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል፤ ሲበዛ ራስ ያዞራል፣ ያንዘፈዝፋል፣ ልብም ያውካል። ሐኪም ቀድሞ ካወቀ መጠኑን ይቀንሳል።

አምና ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሐኪም ቤት ጉበትህ ገና አልዳነም፣ ተመለስ ተብዬ ሳልመለስ ቀረሁ። ድርብ መርፌ ያዘዝኩትም እኔው!

ለሚስቴ ለጫልቱ ነገርኳት። «ጃርሳ፣» አለችኝ፣ ሽማግሌዬ ማለቷ ነው፣ «ማንበብ ሳትችል እኮ እውነቱን ታስጽፍ ነበር!»

ገብስ ልስጥ ብዬ ወደ ቡላ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 3፡30። ጎባ፣ አግዳሚ ላይ።
ሚኒባስ ውስጥ ሰበብ ስፈልግ መጣሁ። መነጽር ረስቼ ነበር ልበል? ጸሐፊዋ ያቺው ናት። ቅጹን መልሺልኝ አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ምን ተሳሳቱ አባቴ አለች፣ ጮክ ብላ። ወረፋው ዞረ። ቆንጆዋን የጉበት «የለም» ሰረዝኳት። «አለ። አምና ዓይኔ ቢጫ ነበር።» ፊደሉ ተንጋደደ። ይንጋደድ። ጉበቴ ስንት ዓመት ጉዴን ሲሸከም፣ እኔ አንዲት ቃል አልሸከምለት?

ዶ/ሯ አነበበች። አልሳቀችም። መጀመሪያ ደም ይመርመሩ፣ መርፌውን በልኩ አደርገዋለሁ አለች። መንጋጋዬ ይጮኻል። ይጩኽ። «ላቦራቶሪ» የሚለውን በር ማንም ሳያነብልኝ አግኝቼዋለሁ፤ እየገባሁ ነው።