በመርከብ ሄጄ በየብስ ዐረፍሁ

ለምወድሽ ታናሽ እኅቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ዳሌሽ እንዴት ነው፣ ከወንበር ስትነሺ አሁንም «ወይኔ ወይኔ» ያሰኝሻል? ዐይንሽስ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ጠብታ በየቀኑ ታደርጊያለሽ ወይስ ሲቆጣሽ ብቻ ነው? ከሰሞኑ ልቅሶ በኋላ ድምፅሽ ተዘግቷል ብለውኛል፤ ተከፈተልሽ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? አንዱንም ሳትደብቂ ጻፊልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ ጆሮዬ የፈለገውን ብቻ ይሰማል፣ የቀረው በቦታው ነው። ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። እጄ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ የሞተ ሰው እጅ አይደለም።

ነገሩን በስልክ ላስረዳሽ ሞክሬ ነበር። አንቺ ግን «እትዬ! እትዬ!» እያልሽ አልቅሰሽ አልቅሰሽ፣ ወዲያው ደግሞ «እኛን እዚህ መሬት ለመሬት አንከባለሽ አንቺ በመርከብ ትንሸራሸሪያለሽ!» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። አልተቀየምሁም። ለሞተች እኅቱ ያለቀሰ ሰው በሕይወት ስትገኝ ቢቆጣት መብቱ ነው። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ፤ መጨረሻው ላይ የምለምንሽም ነገር አለኝና አንብበሽ ጨርሺው።

ልጄ የምትሠራው ሰው ለሽርሽር በሚልክ ቢሮ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። ጠረጴዛዋ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ባሕርና ነጭ መርከብ ያለበት ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። ባሕሩን የሚያየው ግን በመንገድ የሚያልፈው ሰው ነው፤ ውስጥ ለተቀመጠችው ለእርሷ የሚታያት የወረቀቱ ጀርባ ነው። ስንቱን በመርከብ ስታሳፍር እርሷ አንድ ቀን እግሯን አላነሣችም። ከሁሉ የሚፈለገው «ግማሽ በግማሽ» የሚሉት ጉዞ ነው፦ መጀመሪያ በመርከብ ከደሴት ደሴት መዞር፣ ከዚያ ወርዶ በየብስ አንድ ቦታ ረግቶ መቀመጥ። መርከብ ብቻ ከሆነ ራስ ያዞራል፣ የብስ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከቤት አልወጣሁም ያሰኛል ይላሉ። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዷን ስትወስድ «እማዬ፣ ተነሺ፣ እኔና አንቺ እንሄዳለን» አለችኝ። «በዚህ ዕድሜዬ ባሕር ምን ይሠራልኛል? ከዚሁ ከመስኮቴ ባየው ይበቃኛል» ብላት፣ «ከመስኮትሽ የሚታየው ባሕር አይደለም እማዬ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ነው» ብላ ሣቀችብኝ። ተሸንፌ ሻንጣዬን አስወረድሁ።

መርከቡ ትልቅ ነው ቢሉሽ አትጎምዢ። ትልቅ ሆስፒታል ማለት ነው፤ ኮሪደሩ ረጅም፣ ምንጣፉ ቀይ፣ በሩ ሁሉ መንትያ። የራሴን ክፍል ስፈልግ የሰው በር ከፍቼ ገባሁና አንድ ሽማግሌ ካልሲውን ሲያጠልቅ አገኘሁት። ደንግጦ «ቁርስ ደረሰ?» አለኝ። «አይ፣ እኔ ነኝ የደረስሁት» ብዬ ወጣሁ። ምግብማ ሞልቷል፣ የሚጎድለው ሆድ ነው። ደሴቶቹን አየሁ ብልሽ ግን ዋሸሁ። ደረስንባቸው እንጂ አላየናቸውም። ጠዋት ያወርዱሻል፤ ድንጋይ የተነጠፈ ወደብ፣ የጃንጥላ ጥላ፣ ባርኔጣ የሚሸጥ ሰው፣ ዐሣ አጥማጁን የሚከተል ድመት። ገና መታጠፊያውን መለየት ስትጀምሪ መርከቡ ይጮኻል፤ ደወል እንደ ሰማ ተማሪ እየሮጥሽ ትመለሻለሽ። በማግስቱ ሌላ ደሴት፣ ሌላ ድመት። በገበታ አብራን የምትቀመጥ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነበረች፤ በየዓመቱ ትመጣለች። «እንግዲያው ደሴቶቹን አብጠርጥረሽ ታውቂያቸዋለሽ» ብላት፣ «ደሴቶቹን አላውቅም፤ ባርኔጣ ሻጮቹን ግን በስም እጠራቸዋለሁ» አለችኝ።

እኔን ያደከመኝ መዞሩ አይደለም፤ ልጄን ማየቱ ነው። ስልኳ ፋታ አልሰጣትም። አንዱ ሻንጣዬ ጠፋ፣ ሌላው የሰጣችሁኝ ክፍል ግድግዳ ነው የሚያየው እያለ ይደውላል። እርሷ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እግሯን ውኃ ሳይነካው፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አሁኑኑ አስተካክላለሁ» ትላለች። በፀሐይ ብርሃን ሳያት ሽበቷ ከእኔ አይተናነስም። ቤት ውስጥ አላየሁትም ነበር፤ ጨለማ ወጥታ ጨለማ ነው የምትገባው። ሊፍቱ ከተበላሸ ወዲህ ያንን አራት ፎቅ በእግሯ ትወጣለች። መታጠቢያ ቤት ከወደቅሁ በኋላ ደግሞ ብቻዬን እንድታጠብ አትፈቅድልኝም። ኮቷን ሳታወልቅ ውኃ ታሞቃለች፤ ጀርባዬን እያሸች ቆማ ታንቀላፋለች። አንድ ቀን ሳሙናውን እንደ ያዘች ትከሻዬ ላይ ግንባሯን ጣል አድርጋ ተኛች። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ውኃው እስኪቀዘቅዝብኝ ሳልነቃነቅ ተቀመጥሁ።

በመጨረሻው ወደብ ወረድን። መሬት ስረግጥ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ መሬቱ ግን እንደ መርከቡ ይወዛወዛል። የሚወስደን መኪና እስኪመጣ ልጄ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ለልጅሽ ለራዲዮ መልእክት ጻፈች። ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ወሬ ከሰማ ለሰፈሩ ሳያሰማ አያድርም። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ከመርከብ ወርደናል፤ እማዬ በሰላም አርፋለች።» ልጅቱ ያደገችው እዚህ በሰው አገር ነው፤ ለእርሷ ማረፍ ማለት ቦርሳ አስቀምጦ እግር መዘርጋት ነው። ከዚያም «እማዬ፣ ስሕተት ካለው እዪልኝ» ብላ ሰጠችኝ። በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ጠጉሬን እንዳሸበትሁ ስለምታውቅ ለባለሱቁ የምትጽፈውን እንኳ ሳታሳየኝ አትሰድም። መነጽሬን አደረግሁ፣ ስልኩን ከፀሐይ ከለልሁ፣ አነበብሁ። ስሕተትም አገኘሁ። «አርፋለች» የሚለውን በአልፉ አ ጽፋዋለች። «ልጄ፣ ይህ በዐይኑ ዐ ነው፤ ዕረፍት ስንል እንደምንጽፈው» ብዬ አሳረምኋት። ሰደደችው። መኪናው መጣና ዳገቱን ይዞን ወጣ፤ እላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም።

የሆነውን ኋላ ራዲዮ ራሱ ነገረኝ። መጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር። ፊደሉን ሲያይ ግን «እርሷ እንዲህ አትጽፍም፤ ይህ እንደ ጋዜጣ የኀዘን ማስታወቂያ ተጣርቶ የተጻፈ ነው» ብሎ አመነ፤ ከዚያ ሰፈሩን አነሣው። ለአንዲት ዐ ገጹን ሙሉ እንደ ገና ታስጽፈን የነበረች ያቺ ቀጭኔ የምንላት አስተማሪያችን ምነው በሰማች! ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የገዛ መርዶዬን አርሜ ላክሁ። ፊደሉን አቀናሁ፣ ራሴን ገደልሁ። ለራዲዮ ንገሪልኝ፤ ከእንግዲህ ዐረፈች ቢሉት ከመጮኹ በፊት «የት?» ብሎ ይጠይቅ።

እናንተ ስታለቅሱ እኔ የት እንደ ነበርሁ ልንገርሽ። ቤቱ ነጭ ነው፤ ደረጃ የሚባል የለበትም። ከበረንዳው ባሕሩ ይታያል፣ ከሩቅ፣ ተኝቶ። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አለ፤ ከአልጋዬ ራስጌ ደወል አለ። «ይህ ደወል ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅኋት። ልጄ የታጠፈውን ልብስ እንደ ገና ታጥፍ ጀመር። ያኔ ገባኝ። ግማሹ የእንግዳ ማደሪያ፣ ግማሹ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ዐይኗን ከልብሱ ሳታነሣ «ላሳይሽ ብዬ ነው እማዬ። ከእኛ በአውቶቡስ ይደረሳል፤ እሑድ እሑድ እመጣለሁ። ካልወደድሽው እንረሳዋለን» አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ለካ ይህ ሁሉ ባሕር እኔን ወደዚህ ደወል ሊያደርሰኝ ኖሯል አልሁ። ምሳም አልበላሁ።

በማግስቱ በረንዳው ላይ አኩርፌ ስቀመጥ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀመጠች። እዚያው የምትኖር ናት፤ ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ጨርሳ ዐይኗ ደክሟል። ሰላምታም ሳትሰጠኝ እጇን ሰዳ የቀሚሴን ጠርዝ ዳበሰችና «ይህን የሰፋው ሰው ቸኩሏል» አለች። የሰፋሁት እኔ ነኝ። «ልክ ነሽ፣ ቸኩዬ ነበር» አልኋት። «እንግዲያው ፍቺው፤ ጊዜ እንደ ሆነ እዚህ ሞልቷል» አለችኝ። ፈታሁት። እርሷ በጣቷ እየለካች፣ እኔ በዐይኔ እየመራሁ ስንሰፋ ዋልን። ክር ማስገባቱን ለእኔ ተወችልኝ፤ መተቸቱን ግን አልተወችውም። ሌላ ቀን ዘግይቼ ብወጣ «የት ቀረሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። በዚያ ሁሉ ደሴት ስዞር ከመርከቡ ጩኸት በቀር የት ቀረሽ ያለኝ አልነበረም።

ከዚያ ዕቃ ለመግዛት ወደ ታች ስንወርድ ስልኩ ነፍስ ዘራ። ልጄ ብትደውል ከወዲያ የእናንተን ልቅሶ ሰማች። «ማን ሞተ?» ብትል ራዲዮ «እናትሽ ናታ!» አላት። እናቷ አጠገቧ ቆማ ቲማቲም ትመርጣለች። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ስልኩን ስትዘጊ ልጄ የመንገዱ ዳር ላይ ቁጭ ብላ «ገደልሁሽ እማዬ» እያለች አለቀሰች። «አንቺ ጻፍሽ እንጂ የገደልሁስ እኔ ነኝ» ብላት ሣቅና እንባ ተቀላቀለባት። ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። «አክስቴ እንዲህ እያለቀሰችልሽ እኔ መጦሪያ ቤት ሳስመርጥሽ እንደ ነበር ብትሰማ ምን ትለኛለች? እናቷን ጣለች ነው የምትለኝ። ያንን ቤት ዳግመኛ አላነሣም። አገር ቤት መግባት ካማረሽ ግቢ፣ ከእኔ ጋር ብትሆኚም ሁኚ» አለችኝ። የፈራችው እኔን አይደለም እኅቴ፤ አንቺን ነው።

እኔም ከተመለስን ወዲህ አሰብሁበት። አንቺ አገር ቤት ያለውን ክፍሌን ዘግተሽ እየጠበቅሽኝ በየዓመቱ «ዘንድሮስ አትመጪም?» ትይኛለሽ፣ እኔ «ለከርሞ» እልሻለሁ። አሁን ደክሞኛል፤ ለከርሞ የምለው ከርሞ አልቆብኛል። ምራትሽ አንቺን አንሥታ ታስቀምጣለች፤ በዚያች ወገብ ላይ ሁለተኛ አሮጊት አልጨምርም። እዚህም ልጄ ቆማ እያንቀላፋች ስታጥበኝ ማየት ከእንግዲህ አልችልም። ስለዚህ ወሩ ሲያልቅ ወደዚያ ነጭ ቤት እገባለሁ። ሰው ሲጠይቅሽ «አስገባቻት» አትበዪ፤ «ገባች» በዪ። ግሡን አደራ! አንዲት «አስ» ስንት ሰው እንደምታጠፋ አራሚ ያውቃል። ደስ ብሎኝ እየዘለልሁ ነው የምገባው ብዬ አልዋሽሽም። ከደረጃና ልሂድ ልቅር ከሚል ሐሳብ መገላገል ነው የምፈልገው።

ክፍሌን ለልጅ ልጆችሽ ስጫቸው። ልብሴንም ለተቸገሩ ማከፋፈልሽን ሰምቻለሁ፤ ደግ አደረግሽ። ያንን ግራጫ ካፖርት ግን እኔ ብሞትም አልሰጥም ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ። ለልጄ ቁርጤን ነግሬአታለሁ፤ አላመነችኝም። ወይ አኩርፌ ወይ ለእርሷ አዝኜ የማደርገው ይመስላታል። መቶ ጊዜ ብምልላት የእናት ቃል ነው፤ እናት ለልጇ ትዋሻለች ብላ ታልፈዋለች። የአንቺ ቃል ሌላ ነው፤ አንቺ ያለቀስሽልኝ ነሽ። አንዲት መሥመር ጻፊላት። «ልጄ፣ እናትሽን አልጣልሽም» በያት። ምክር አታክዪበት፤ ዐውቅሻለሁና ከጀመርሽ አታቆሚም። እኔን ብትቆጪ ተቆጪ፤ እርሷን ግን ከሰው አፍ አንቺ አውጪልኝ።

ምራትሽን ስለ ወገቧ ፈጣሪ ይስጥሽ በዪልኝ። ለልጅ ልጆችሽ ሰላምታዬ ይድረስ፤ አዲሱ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ እንዳይጽፉ፣ ከጻፉም ፊደል እንዳይገድፉ። ራዲዮን ድምፁን ቀንሶ ሰላም እንዲለኝ ንገሪው። ላለቀሱልኝ ጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ድካማቸው ከንቱ አይቀርም፣ አንድ ቀን ይደርሳል በያቸው።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የምታደርሰው ልጄ ናት፤ አሽጌ ነው የምሰጣት። መልስሽን ስትልኪ ግን ፖስታው ላይ የእኔን ስም አትጻፊ። የእርሷን ጻፊ፤ እርሷ ትክፈተው።

ታላቅ እኅትሽ

ከልጄ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ
ኅዳር ፲፪ ቀን